ሙሽራው ዓሣ አጥማጅ ነው!

ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ኅዳር ታኅሣሥ ሲመጣ የከተማ ልጅ የሚያውቀው መፍትሔ ሁለት ነው። ወይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መተኛት፣ ወይ ሞቅ ያለ ቤት ገብቶ ኪሱ እስኪራቆት መጎለት። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ልጨምርላችሁ ነው። ወንዝ ዳር ሄዶ ዓሣ ማጥመድ! አዎ፣ በዚሁ ብርድ! "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቴም ብላዋለች።

ቆይ ግን፣ አትፍረዱ። እስኪ ፈረንጆቹን ተመልከቱ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ "ዎልአይ" የሚሉት ዓሣ አለ። ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን በጨለማ ያበራል። ይህን ዓሣ ለማግኘት ሰዎቹ በረዶ የለበሰ ወንዝ ዳር ቆመው ይውላሉ። ውሃው ከላይ ሲጋገር ደግሞ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው በቀዳዳው መንጠቆ ይሰዳሉ። ደስ ብሏቸው ነው እንግዲህ! የኛ አገር ወንዝ በረዶ አይሆንም፤ ጠዋት የሚያንዘፈዝፈን ብርድም ከቀትር በፊት በፀሐይ ይሸነፋል። ታዲያ እኛን ምን አስፈራን?

የማወራችሁ ግን ስለ ዓሣ ብቻ አይደለም። በመሃል አንድ የፍቅርና የሠርግ ነገር አለበት። እሱን ለመስማት የቸኮላችሁ ትንሽ ታገሡ። ዓሣም ሆነ ፍቅር ለችኩል አይሆንም።

ከጉና ሥር

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። የኛን ብርድ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ደግሞ ጉና አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። ጠዋት ስትወጡ ሣሩን ውርጭ አልብሶት ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ድንች የተከለ ገበሬ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

ጉና ግን የሚሰጠን ብርድ ብቻ አይደለም። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች መነሻቸው እሱ ነው። ሁለቱም ደጋውን ሰንጥቀው ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከደብረ ታቦር ተነሥታችሁ በዓለም በር አድርጋችሁ ወደ ወረታ ስትወርዱ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ታች ሲደርስ እጅጌውን ይጠቀልላል። ብርድም ሙቀትም በአንድ ቀን! ዓሣውም የሚገኘው ወደዚያው፣ ወደ ታች ነው።

ውሃው እዚያ እያለ እኛ ደገኞቹ ዓሣ የምናውቀው በሳርዲን ቆርቆሮ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥጋ ካለ ሥጋ፣ ከሌለ ሽሮ። "ዓሣ የቆላ ሰው ምግብ ነው፤ ማጥመዱ ደግሞ መሬት የሌለው ሰው ሥራ ነው" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ይህችን አባባል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኔን ከዓሣ ጋር ያስተዋወቀኝ አጎቴ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ስላልሆነ አንድ በጋ ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ የሌለው ወጣት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የቀመሳችሁት ታውቁታላችሁ። ሲገባ "መጣህ?" ይባላል፤ ሲወጣ "ደግሞ ወዴት?" ይባላል። እራት ሲቀርብ ጉርሻው ራሱ ይቆጠርብኛል ብሎ ይሳቀቃል። አጎቴ የቀድሞ ወታደር ነው። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ሲያገለግል መንጠቆ መጣል ተምሯል። አንድ ቀን "ና እስኪ አንተ ልጅ፣ ከሰው ፊት ዞር እንበል" አለኝና ይዞኝ ወረደ።

ዓሣም ይበርደዋል!

ብዙ ሰው ዓሣ አጥማጅ ማለት ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ ይመስለዋል። በብርድ ወራት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጎቴ "ተኛ፣ ዓሣውም አልተነሣም" ይለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ ምክንያቱን ነገረኝ።

የሰው ገላ ውጭው ቢበርድም ውስጡ ይሞቃል። ዓሣ እንደኛ አይደለም፤ ገላው የሚከተለው ውሃውን ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። እንቅስቃሴው ዝግ ይላል፣ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፣ ስለዚህም ቶሎ አይርበውም። ጥልቅ ቦታ ገብቶ ዝም ይላል። በብርድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንጠቆ ጥላችሁ ብትቀመጡ የምትይዙት ጉንፋን ነው! ፀሐይ ወጥታ ውሃውን ለብ ስታደርገው ነው ዓሣው አፉን የሚከፍተው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ የብርድ ወራት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት መደበቅ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ቡና መስሎ ይደፈርሳል። በጋ ግን ጥርት ይላል። እናንተ ዓሣውን ካያችሁት እሱም አይቷችኋል ማለት ነው። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ከፊታችሁ አድርጉ። ክሩ ቀጭን፣ መንጠቆው ትንሽ ይሁን። ቀይ ሹራብ ለብሳችሁ ዳር ዳሩን እየዘለላችሁ ዓሣ አጣሁ ብትሉ የሚያዝንላችሁ የለም።

ሦስተኛው ቦታ መምረጥ ነው። ወንዙ ሲቀንስ ዓሣው ወደ ጥልቅ ኩሬዎች ይሰበሰባል። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው የሚገናኝበትን ጠርዝ ፈልጉ። ዓሣው ጉልበቱን ሳያባክን ምግቡ ተንሳፎ የሚመጣለት እዚያ ነው።

አራተኛው ምግቡ ነው። ለነጭ ዓሣ ትል፣ ፌንጣ ወይም በጣት ድብልብል የተደረገ ሊጥ ይሆናል። ለአምባዛ ግን ሽታ ያለው ነገር ያስፈልጋል፤ ጉበት ወይም የሥጋ ቁራጭ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም ግን አለው፤ በጨለማም በድፍርስም ምግቡን የሚያገኘው በዚያ ጢሙ ነው። በዚያ ላይ ከአየርም ይተነፍሳል። ስለዚህ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እሱ ጭቃ ሆኖ በቀረ ውሃ ውስጥ እንኳ ነፍሱ አትወጣም። ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ወንዝ ዳር ማደር የሚችል ጎበዝ ካለ ግን ከኔ ይልቅ እሱ ይጻፍላችሁ።

አምስተኛውና ዋናው ዝግታ ነው። በብርድ ጊዜ ዓሣው ምግቡን አያሳድድም፤ አፉ ሥር ሲደርስለት ነካ ነካ ያደርገዋል። ክሩን በጣታችሁ መሃል ያዙት። ሲነካ ወዲያው አትመንጭቁ። ሲይዝና ሲሄድ ነው መሳብ።

ከአጎቴ ጋር ቀኑን ሙሉ ስንውል አሥር ቃል እንኳ አንለዋወጥም ነበር። ሥራ ፈለግህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ የእገሌን ልጅ እየው ብሎ አልመከረኝም። ግን ምን አለፋችሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ከአባቴ ጋር ለመነጋገር አቅም አገኝ ነበር። ይዤ የገባሁት ሁለት ዓሣ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ እጄን ግን አልገባሁም። ለሥራ ፈት ሰው ባዶ እጅ አለመግባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

ሌላ አገር የሌለ ሀብት

እንግዲህ "ነጭ ዓሣ" እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ዓሣ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) አገራችን መጥቶ ከጣና ዓሦች የተወሰኑትን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከዚያ በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በደንብ ሲያጠኗቸው ጣና ውስጥ 15 ዓይነት ሆነው ተገኙ። ቆጠራውን ወደ 17 የሚያደርሱም አሉ። አንዱ ትል ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሌላ ዓሣ ያድናሉ። የአብዛኞቹ አገር ጣናና ወንዞቹ ብቻ ናቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ከነዚህ ጋር የሚዛመዱ ብዙ ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የገባ ዓሣና ከልክ ያለፈ ማስገር ጨረሷቸው። አሁን ዓለም ለማየት የሚመጣው ወደኛ ነው።

ከነዚህ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከጣና ወጥተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራንና ሌሎቹን ወንዞች እየተጋፉ ሽቅብ ይመጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ያለበት፣ ውሃው የሚፈስስ ገባር ሲያገኙ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" እንላለን አይደል? ለዓሣው ግን ሠርጉ ያኔ ነው! ወላጆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጫጩቶቹ ግን በጋውን በወንዙ ኩሬዎች ውስጥ ይቆያሉ። በብርድ ወራት መንጠቆ የምንጥልበት ኩሬ፣ በሌላ አነጋገር፣ የነሱ መዋዕለ ሕፃናት ነው።

ከሰባቱ አንዱን ሳይንቲስቶቹ "ትሩቲፎርሚስ" ብለውታል፤ ትራውት የሚመስል ማለት ነው። ትራውት ፈረንጅ በቀዝቃዛ ወንዝ የሚያጠምደው ዝነኛ ዓሣ ነው። የኛ አገር ባሌ ውስጥም፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ግድም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። የኛ የጉማራው ግን ማንም ያላመጣው፣ የራሱ የአገሩ ልጅ ነው።

ታዲያ ይህ ሀብት እንዴት ነው? ብትሉኝ ደስ የሚል ነገር አልነግራችሁም። በ1978 ዓ.ም. ግድም ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ሥራ ፈጠረ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓሣው ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ ተዘረጋበት። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው 10 ዓመት ብቻ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ብዛት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ተደራረበ። በ2004 ዓ.ም. ግድም እምቦጭ ጉማራና ርብ በሚገቡበት በኩል ጣናን ወረረ። ርብ ላይ ግድብ ተሠራ። በፎገራ ሜዳ በጋ ላይ የሚተከለው ሽንኩርት በፓምፕ የሚጠጣው ከነዚሁ ወንዞች ነው። ገበሬው ይብላ እንጂ! ግን ወንዙ ሲጎድል ኩሬው ይጠባል፤ ኩሬው ሲጠብ ዓሣው እጃችን ላይ ይወድቃል። ዓሣው እጃችን ላይ ሲወድቅ ነው የሰው ጠባይ የሚታየው።

የሎሚው ምሥጢር

አሁን ወደ ሠርጉ እንሂድ። ያልቸኮላችሁትን እግዜር ይስጣችሁ!

አንድ ወዳጅ አለኝ። አብረን ተምረናል፣ አብረን ውጤት ጠብቀናል፣ አብረን ቀርተናል። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ብዕር ስይዝ እሱ እዚያው ቀርቶ መንጠቆ ያዘ። አጎቴ ያስተማረው እሱንም ነው፤ ከኔ ይልቅ ደቀ መዝሙር የወጣው እሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ጉማራ እየወረደ ያጠምዳል፣ ከሌሎችም ይገዛል፣ ማታ ደብረ ታቦር ይዞ ይወጣል። ገበያው መቼ ነው? ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ባለው የነቢያት ጾም ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተውላቸው። የማይበላ አለ፤ የሚበላም አለ። የሚበላው ሰው ነው ለወዳጄ ኑሮ የሆነው። ብርዱ ደግሞ በረዶ ቤት ለሌለው ነጋዴ ወዳጅ ነው፤ ዓሣው ቶሎ አይበላሽበትም።

ይህ ልጅ የሚወዳት ልጅ ነበረችው። ሥራውን ግን አልነገራትም። "ወረታ ሩዝ እነግዳለሁ" ነው ያላት። ከእሷ ጋር ከመገናኘቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ሎሚ ሰንጥቆ እስከ ክርኑ ያሻል። "ምነው ንገራት እንጂ!" ስለው፣ "አንተ አባቷን አታውቃቸውም" ይለኛል።

እዚህ ላይ ነው ያችን አባባል ያዙልኝ ያልኳችሁ። አንባቢዎቼ፣ አዲስ አበባ ሆኖ ዓሣ ለብለብ ማዘዝ ሥልጣኔ ነው። ያንኑ ዓሣ ያወጣው ሰው ግን አገሩ ላይ በክፉ ዓይን ይታያል። ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ሠርተው ከጥንት ጀምሮ ሐይቁን ሲያውቁት፣ ጎረቤቱ ገበሬ አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም፣ አይጋባቸውም ነበር። በዓሣና በጉማሬ ሥጋ ምክንያት! ያ ንቀት ዛሬም አልሞተም። ታንኳ ላይ ተሳፍሮ ወጥቶ መንጠቆ የያዘውንም ሁሉ ይከተላል። ወዳጄ የፈራው ይህን ነው። ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም።

ሠርጉ ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ታሰበ። ሽማግሌ ተላከ። "ልጁ ምን ይሠራል?" ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹም የተነገራቸውን ተናገሩ። "ነጋዴ ነው።" አባትየውም እሺ አሉ።

ብርብራው

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለበዓል ወደ አገሬ ወረድኩ። ወዳጄን ያገኘሁት ገንዘብ ሲቆጥር ነው። ደጋግሞ ቆጠረው፤ አልበዛም። በሬው ሊገዛ ነው፣ ድንኳኑ ሊተከል ነው፣ የሙሽራዋ ልብስ አለ። የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት አይሞላም።

አብረነው ጉማራ ወረድን። ኩሬውን የት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዓሣ አጥማጅ ሚስቱን እንጂ ኩሬውን አያሳይም። ውሃው ጎድሎ፣ ጥርት ብሎ ተኝቷል። ሥሩ ላይ ትልልቆቹ ጥላ መስለው ይታያሉ። ዳር ዳሩን ደግሞ ጣት የሚያክሉ ልጆቻቸው እንደ ትንኝ ፈልተዋል።

ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ቀድመውን ደርሰው ነበር። አንደኛው ከረጢት ይዟል። ምን እንዳለበት ሳልጠይቅ ገባኝ። ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ ፈጭተው ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይሰክራል፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ከዚያ መልቀም ነው። ጥንትም የነበረ ዘዴ ነው። ችግሩ ግን ብርብራ አይመርጥም። መንጠቆ አንዱን ይይዛል፤ ብርብራ ኩሬውን ይይዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝም ሆነ በፈንጂ ማስገርን ከልክሏል። ኩሬው ዳር ግን አዋጅ የሚያነብብ ፖሊስ የለም።

"ዛሬ ብቻ" አሉት። "ለሠርግህ ነው። የአንድ ወር ዓሣ በአንድ ቀን ይወጣልሃል።"

ዝም አለ።

"አንተ ባትበትነው ሌላው ይበትነዋል!"

አንባቢያን፣ ከዚህ የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም። እውነትም ስለሆነ ነው የሚከብደው። ሌላው ሊበትነው ይችላል። እኔ ራሴ ምን እንደምለው አላወቅሁም። የሠርጉ ቀን የሱ ነው፣ ያላንዳች መተዳደሪያ የቀረው እሱ ነው፤ እኔ ከተማ ተመላሽ ነኝ። ምን መብት አለኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ጣት የሚያክሉትን ትንንሾች አያቸው። "ሌላው ሲበትነው የሌላው ነው" አላቸው። "እኔ ስበትነው ግን ለዘንድሮ ሠርግ ብዬ የከርሞውን እራቴን መብላቴ ነው።" ትልቅ ንግግር አላደረገም። መንጠቆውን ፈትቶ ትሉን ሰካና ተቀመጠ። ሰዎቹ ሰድበውት ሄዱ።

ያን ቀን አራት ዓሣ ያዘ። በበነጋው ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለ ሌላ ኩሬ በኩል ስናልፍ ግን ነጭ በነጭ ሆኖ አገኘነው። ትልልቆቹ ተለቅመዋል። ጣት የሚያክሉት ለምንም የማይጠቅሙ ስለሆኑ ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ዳሩን ቀርተዋል። ወዳጄ ቆሞ አያቸው። "ሽታው ነገ ይመጣል" አለና አለፍን።

እሷ ምን አለች?

ገንዘቡ ስላልሞላ ሠርጉ ሊዘገይ ነው። ለምን እንደዘገየ ደግሞ ማስረዳት ግድ ነው። ሩዝ ነጋዴ በጥር ገንዘብ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? ፎገራ ሩዙ የሚሸጠው በዚሁ ወቅት ነው! ወዳጄ መውጫ አጣ። ሄዶ ሁሉንም ነገራት። መንጠቆውን፣ ጾሙን፣ ኩሬውን፣ ብርብራውን።

ልጅቷ አዳመጠችው። ከዚያ ምን አለችው መሰላችሁ?

"ሩዝ ነጋዴ ለምን ሎሚ ሎሚ ይሸታል እያልኩ ዓመቴ!"

አውቃ ነበር! ስሙን ባታውቀውም የሆነ ነገር እንደሚደብቃት አውቃለች። ሌላ ሴት ሳይሆን አይቀርም ብላ ስንት ሌሊት አልቅሳለች። "ዓሣ በማጥመድህ አልተናደድኩም" አለችው፣ "ስታጥመኝ በመኖርህ ነው እንጂ። ደግሞ ከእንግዲህ ወዲህ ሎሚውን ለምግብ አስቀምጠው።"

አባትየው እንደሷ አልቀለሉም። "ልጄን ለዓሣ አጥማጅ?" ብለው ቤቱን ገለበጡት። በመጨረሻ በሽማግሌ ለዘብ ሲሉ "ሥራውን ከተወ" የሚል ነገር አመጡ። ወዳጄ "አባቴ፣ ብሰርቅ ይቅር አይበሉኝ፤ ሠርቼ የምበላበትን ግን ልተው አልችልም" ብሎ አስመለሰባቸው። ነገሩ እስከ ፋሲካ ተንጠለጠለ። ልጅቷ በዚህ መሃል አንድ ቀን እንኳ አልተለሳለሰችም።

ግንቦት ላይ ተጋቡ። ድንኳኑ ትንሽ ነበር። በሬው በበግ ተተካ። አባትየው መጡ፣ መረቁ፣ ጥሬ ሥጋም ቆረጡ። ከጎናቸው የቀረበውን የዓሣ ጥብስ ግን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም። ይሁን እንጂ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ልጃቸው በላከችላቸው ዓሣ አጥንቱ በዛ ብለው እንደተቆጡ ሰምቻለሁ። ያልበላ ሰው አጥንቱን ከየት ያውቀዋል?

ምክሬን ልጨርስ

አንደኛ፣ በብርድ ወራት ወንዝ ለመውረድ ያሰባችሁ ደራርባችሁ ልበሱ፤ እግራችሁ እንዳይርስ ጠንቀቅ በሉ። ጉማራ ዳር የዋንዛዬ ፍል ውኃ ስላለ ብርድን ሰበብ ማድረግ አይቻልም! ፎገራ ላይ ከክረምት በኋላ ወባ ስለሚበረታ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጣት የሚያክለውን አትያዙ። መንጠቆው ላይ ከወጣም እጃችሁን አርሳችሁ በቀስታ ፈትታችሁ መልሱት። በደረቅ እጅ ስትይዙት ገላውን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጣል፤ ቢመለስም ላይተርፍ ይችላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ወንዝ የሚወጣውንም ተዉት። ሠርግ ላይ ያለ ሰው አይያዝም።

ሦስተኛ፣ ነጭ ዓሣ ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛው ጎኑን በስለት ደጋግማችሁ ብጡት፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ አጥንቱ ይቀቀላል። ይህን የነገረችኝ የወዳጄ ሚስት ናት።

አራተኛው ለወንዶቹ ነው። "ሥራህ ምንድን ነው?" ስትባሉ እውነቱን ተናገሩ። ሊስትሮም ሁኑ፣ ረዳትም ሁኑ፣ ዓሣ አጥማጅም ሁኑ። የምትጠላችሁ ቀድማ ትጥላችሁ። ሎሚ የሚያስለቅቀው የእጅ ሽታን ነው፤ የውሸትን ሽታ ሴት ልጅ ከሩቅ ታውቀዋለች።

ለሴቶቹም አንድ አለኝ። "ምን አለው?" ከማለታችሁ በፊት "ምን እንቢ ብሏል?" ብላችሁ ጠይቁ። ወዳጄ በዚያ ቀን ያወጣው አራት ዓሣ ብቻ ነው። ያልበተነውን ከረጢት የቆጠረችው ግን ሚስቱ ናት።

ቸር ይግጠመን!